ሽፈራው ጎጂ ነው አላልኩም

በታከመ ውኃ ውስጥ የቀረው ሲልቨር (ብር የተባለው ማዕድን) ይለካ ስላልኩ ብቻ የተባልኩት ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ተመራማሪ በሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል የሲልቨር ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ፣ ሠርተው የወንዝ ውኃ ያከሙበት ሥራ ነበር። የቅጠሉ ጭማቂ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ የሲልቨር ጨው ሙሙት ላይ ሲፈስ ፈዛዛው ቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር እኔም አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። ውኃ በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ምርመራውም ባዶ ወጣ። እንግዶች ሲመጡ ውኃውን ፊታቸው ሊጠጡት አሰቡ።

«ዶክተር፣ ከመጠጣትዎ በፊት የቀረውን ሲልቨር እንለካ» አልኩ።

«በማጣሪያ አሳልፈነዋል እኮ።»

«የማጣሪያችን ቀዳዳ 0.45 ማይክሮሜትር ነው። እርስዎ የጻፉት የቅንጣት መጠን ደግሞ 20 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከሃያ እጥፍ በላይ በሚሰፋ ቀዳዳ ምን ይያዛል?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሽፈራው እኮ ነው! ኮንሶና ጋሞ ሕዝቡ ከኩርኩፋ ጋር ይበላዋል። ከዕፅ የተሠራ ነገር ምን ይጎዳል? አንቺ ናሙናሽን ሥሪ፤ ጥናቱን ለእኛ ተይው» አሉኝ። ተማሪዎቻቸው ይሰማሉ።

ሽፈራው ጎጂ ነው አላልኩም። ቅጠሉ ሲልቨሩን ከአዮንነት፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ከሟሟ መልኩ፣ ወደ ቅንጣት ይቀይረዋል እንጂ አያጠፋውም። የገባው ሲልቨር ወይ ዝቃጩ ውስጥ ነው፣ ወይ ውኃው ውስጥ። ሌላ መሄጃ የለውም። ያ ውኃ ደግሞ ነገ ሕፃን እንዲጠጣው የሚታሰብ ነው።

ባዶዎቹን ፔትሪ ዲሾችም፣ ባክቴሪያ አሳድገን የምንቆጥርባቸውን ሳህኖች፣ አላመንኳቸውም። ክሎሪን ያለበት ውኃ ስንቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት የምናደርገው፣ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያ እየገደለ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው። ሲልቨርም እንደ ክሎሪኑ ኃይሉ ካልተሻረ ፔትሪ ዲሹ ላይ ሆኖ መግደሉን ይቀጥላል። ታዲያ የቆጠርነው ዜሮ የውኃው ንጽሕና መሆኑን በምን እናውቃለን? ይህን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የቀረውን ሲልቨር በአቶሚክ አብሶርብሽን፣ የብረታ ብረት መጠን በሚለካ መሣሪያ፣ ለካሁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ሳያሰጋ ሊፈቀድ ይችላል ከሚለው፣ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም፣ በላይ ወጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። በእንግዶቹ ቀን ውኃው በብርጭቆ ቀርቦ ታየ እንጂ ማንም አልጠጣውም፤ እፎይ አልኩ።

ሪፖርቱ ሲወጣ የኢ. ኮላይ ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፤ ስለ ቀረው ሲልቨር አንድ መስመር እንኳ የለም። የእኔ ውጤት ግን ከነቀኑና ከነፊርማው በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያንን ሥራ ሊያስቀጥል የሚመጣ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የማሳየው እርሱን ነው።