የበረሩት ወፎች ሰሌዳው ላይ ሲቀሩ

አንደኛ ክፍል ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ መቀነስን ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ 7 ወፎች ሣልኩ። 5ቱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ 2ቱ ክንፋቸውን ዘርግተው እየበረሩ ነው። «ስንት ቀሩ?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት ተማሪ ወጥታ ወፎቹን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረችና «ሰባት» አለች። ሁለቱ በርረው ሄደዋል ብላት፣ «ቲቸር፣ ይኸው እዚህ አሉ እኮ!» ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

ልጅቷ ያየችውን ነው የቆጠረችው። በመደመር ጊዜ የሚቆጠረው ሁሉ ሥዕሉ ላይ ስላለ ችግር የለም፤ በመቀነስ ጊዜ ግን ሥዕሉ የሄደውንም የቀረውንም አንድ ላይ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አሁን ከሥዕል በፊት ቆርኪ አድላለሁ። እያንዳንዱ ልጅ 7 ቆርኪ ቆጥሮ ዴስኩ ላይ ይደረድራል፣ 2ቱን አንስቶ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል፣ የቀረውን ይቆጥራል። በማግሥቱ እነዚያኑ ቆርኪዎች ደብተሩ ላይ በክብ ይሥላቸውና 2ቱን ይሰርዛል፤ ጣሳውን ስለሚያስታውስ የተሰረዘውን አይቆጥርም። 7 - 2 = 5 ብለን የምንጽፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከድርጊት ወደ ምስል፣ ከምስል ወደ ምልክት ብሎ ያስቀመጠው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው።

ብዙ ያደከመኝ ግን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከ8 ላይ 3 ቀንሱ ሲባሉ «ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት» ብለው ሦስት ቁጥር ይጠሩና 6 ይላሉ፤ የቆሙበትን 8ን እንደ አንድ እርምጃ ቆጥረውታል ማለት ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ከ0 እስከ 10 ጽፌ ልጁን 8 ላይ አቆመዋለሁ፤ እግሩ ተነሥቶ 7 ላይ ካላረፈ በቀር አፉን እንዳይከፍት እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቢወድቅም 5 ላይ ደርሶ ነው የሚወድቀው።

ምንም ነገር የማይወሰድበት መቀነስም አለ። «8 ከ5 በስንት ይበልጣል?» ስላቸው «በ8» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ 8 ልጆችና 5 ወንበሮች ሥዬ እያንዳንዱን ወንበር ከአንድ ልጅ ጋር በመስመር አገናኛለሁ። ስንት ልጅ ወንበር አጣ ብዬ ስጠይቅ ሦስት ለማለት አንዱም አይዘገይም፤ በዴስክ እጥረት አራት አራት ሆነው ለሚቀመጡ ልጆች ጥያቄው እንግዳ አይደለም።