ጨረታ አሸንፌ የከሰርኩበት ዓርብ

ሥራዬ ቴክሳስ ውስጥ ለአንድ የጋዝ ማመንጫ የጨረታ ዋጋ ማስገባት ነው። በየቀኑ፣ በሐበሻ አቆጣጠር እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የነገውን ዋጋ ለኤርኮት እንልካለን። የአብዛኛውን ቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከርካሹ ጀምሮ ፍላጎቱ እስኪሞላ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ የገባው ዋጋ ለሁሉም ይከፈላል።

ሰው ሁሉ «ለምን ጨመር አድርገህ አትጠይቅም?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ግን ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት (የመብራት መሸጫ መለኪያ ነው) 24 ዶላር ብዬ ገብቼ ገበያው 40 ላይ ቢዘጋ የሚከፈለኝ 40 ነው። ዋጋ መቆለል ትርፉ ከጨረታው መውደቅ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ወጪዬን እጽፋለሁ። ጣጣው እሱን ማወቁ ላይ ነው።

ዳላስ ውስጥ ታክሲ መንዳቴ እዚህ ጠቅሞኛል። ማመንጫም ለመነሳት ያስወጣል፣ ሞተሩ እንዳልጠፋ የቆመ ታክሲ በትንሹ ሲሠራም ነዳጅ ይበላል፣ ሲሮጥ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው። ሦስቱም ለየብቻ ይገባሉ። የኛ ማሽን ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 7 ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ጋዝ ይፈጃል። አንዱ ሚሊዮን 3 ዶላር ከሆነ 21፤ ለጥገና ምናምን 3 ሲጨመር 24።

በሥራው የመጀመሪያ የብርድ ወቅቴ አንድ ዓርብ ይህንኑ 24 አስገባሁ። የያዝኩት የሐሙስን የጋዝ ዋጋ ነበር። ሌሊቱን የአየር ትንበያው ተገልብጧል፤ አላየሁም። በኛ ቧንቧ ላይ ጋዙ 5 ዶላር ገባ። ወጪዬ 38 ሆነ ማለት ነው። ጨረታው 31 ላይ ተዘጋና አሸነፍኩ! በየሜጋዋት ሰዓቱ 7 ዶላር እየከሰርኩ። አለቃዬ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ማሾፉ ነው።

የባሰው ገና ነበር። ዓርብ የሚገዛ ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ የቅዳሜ፣ የእሁድና የሰኞ ጥቅል ነው፤ ለሦስቱም ቀን መጠኑ እኩል። የመብራቱ ጨረታ ግን በየቀኑ ነው። እሁድ ብርዱ ላላ፣ ነፋሱም መጣ፣ ማሽናችንን የፈለገው የለም። በውድ የገዛሁትን ጋዝ በርካሽ ሸጥኩት።

አሁን ጋዝ ሻጩን ሳላነጋግር ዋጋ አልጽፍም። ዓርብ ዓርብ የጥቅሉንም ስጋት እጨምርበታለሁ። ከወደቅኩ ልውደቅ። አሸንፌ ጋዙ ከተሰቀለብኝ ደግሞ ማሽኑን አቁሜ፣ የሸጥኩትን መብራት ከዕለቱ ገበያ መልሼ መግዛት እችላለሁ። ብርድ ሲጠና ግን ይህን አልሞክረውም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን በመታው በረዶ ጊዜ አንድ ሜጋዋት ሰዓት ለቀናት 9,000 ዶላር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከ2022 ወዲህ ጣሪያው 5,000 ሆኗል። እኔን ለማባረር 5,000ውም ይበቃል።