ማራቶን ያገናኘን ሰዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አብሮኝ ማራቶን የሚያይ ሰው ለዓመታት አጥቻለሁ። ቅዳሜና እሁድ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ጢም ብለው ይሞላሉ። የአርሴናልና የማንቼ ክርክር እስከ ሰኞ ይዘልቃል። በርሊን ወይም ለንደን ሲሮጥ ግን ቻናሉን የሚቀይርልህ የለም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አበበ ቢቂላ እኮ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ ነው። ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናት። ዛሬም በማለዳ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ አስፋልቱን ይዘው የሚሮጡ ልጆች አይጠፉም። ሯጭ አለን። ሩጫ የሚያይ ነው የጠፋው።

ጓደኞቼን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። መስከረም 2016 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ገባች። የዓለምን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ዜናው ሥር ሁሉም "እንኳን ደስ አለን!" ይላል። እኔ ደግሞ "ይቺ ልጅ እኮ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ 800 ሜትር ነበር የሮጠችው" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አንዲት ልጅ መለሰችልኝ። "እንዴ! ይሄን የሚያስታውስ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው?" አሰላ የምትሠራ ነርስ ናት። በዚያው በውስጥ መስመር ማውራት ጀመርን። እሷ የምታውቃቸውን ጨመረች፣ እነሱም ሌላ ሰው አመጡ፣ ትንሽ ግሩፕ ሆንን። ጅዳ ሾፌር የሆነ ልጅ አለ። ደሴ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ለምን እንዲህ እንደተቀራረብን ብዙ አስቤበታለሁ። ምክንያቱ ማራቶን ረጅም መሆኑ ይመስለኛል። ኳስ እያየህ ማውራት አትችልም፣ ዓይንህን ካነሳህ ጎል ያመልጥሃል። ማራቶን ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ብዙ ጊዜ መሪዎቹ በቡድን ነው የሚሄዱት። ነርሷ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ሰዓቱን ትጽፍልናለች። በመካከሉ ግን ሰው ስለ ራሱ ያወራል። የጅዳው ልጅ እናቱ እንደታመሙበት የነገረን እንደዚህ አሯሯጮቹ፣ ፍጥነት ጠብቀው ከፊት የሚመሩት ሯጮች፣ ከውድድሩ ሳይወጡ ነው። ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ጊዜም መጀመሪያ የሰሙት እነሱ ናቸው። ጎረቤቶቼ እንኳ አያውቁም ነበር።

በድል ቀን ማንም ጓደኛ ነው። ነሐሴ 2016 ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተይዞ ሄዶ፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተክቶ፣ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ ግሩፑ በእልልታ ቮይስ ተጥለቀለቀ። በማግስቱ ትዕግሥት በሲፋን ሐሰን በ3 ሰከንድ ተቀደመች። ያን ቀን ማን ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት አልተቸገርንም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ለሌላ ሰው "በ3 ሰከንድ ተሸነፍን" ብለው "ታዲያ ብር መጥፎ ነው?" ይለኛል። እነሱ ጋ 3 ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳት የለብኝም።

ቶኪዮ ደግሞ ባሰ። መስከረም 4 ቀን 2018፣ እንቁጣጣሽ ገና ሳይበርድ፣ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በእኛ ሌሊት ተሮጠ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬን ይዣለሁ። ነርሷ ተረኛ ናት፣ ፋታ ባገኘች ቁጥር ብቅ ትላለች። ትዕግሥትና ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር እስከ ስታዲየሙ ድረስ አልተላቀቁም። መጨረሻዋ መስመር ላይ ጄፕቺርቺር ጥላት ወጣች። 2 ሰከንድ! ግሩፑ ላይ ማንም ምንም አልጻፈም። ከዚያ ጋሼ ቮይስ ላኩ። "አይዟችሁ ልጆቼ። ማሞ ወልዴም እኮ በ1964ቱ የፈረንጆች ኦሊምፒክ እዚያው ቶኪዮ ማራቶኑን አቋርጧል። ከ4 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ወርቁን ይዞ መጣ። እኔ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ ልጅ ሆኜ።" እንቅልፍ የወሰደኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ነርሷ ባለፈው ደብረ ብርሃን መጣች። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። "በስልክ ያወቅሻት ሰው? የማን ልጅ እንደሆነች ሳታውቂ?" አለችኝ። ፍርሃቷ ትክክል ነው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያጭበረብር ሞልቷል። እኛ ግን ሳንገናኝ ከሁለት ዓመት በላይ አውርተናል። ልጅቷ ገና ከመኪና ስትወርድ በብርዱ ተንቀጠቀጠች። እናቴ ይሄን ስታይ ሌላውን ሁሉ ረሳችው። ብርድ ልብስ ደረበችላት፣ ትኩስ የገብስ አጥሚት ሰጠቻት፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ ጨርሺ" እያለች አስጨነቀቻት።

ማታውን የተከራከርነው ስለ አገር ነው። እሷ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ጠራች። ሁሉም የበቆጂ ናቸው፣ ኃይሌንም የአሰላ ልጅ ነው ብላ ጨመረችበት። እኔ አበበንና ጌጤን ይዤ አልለቅም አልኩ። አበበ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ አገሩ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ነበር። ሌላው ሁሉ እሱ በከፈተው መንገድ ነው የመጣው አልኳት። እሱን አልካደችም።

ጃቶን ልናያት ፈልገን ነበር። የመንገዱ ነገር ስላላስተማመነን ተውነው። ጠዋት ተነስተን ወደ አስፋልቱ ወጣን። የሚለማመዱት ልጆች በአጠገባችን ሲያልፉ እሷ ስልኳን አውጥታ ለግሩፑ ቪዲዮ ቀረፀች። ጋሼ ወዲያው መለሱ፦ "ሦስተኛዋ ልጅ አረጋገጧ ያምራል። ስሟን ጠይቁልኝ።" ሮጠን ልንደርስባት አልቻልንም። ነርሷ ተመልሳ ስትመጣ ሯጯን እንጠይቃታለን። የጅዳው ልጅም ፈቃድ ካገኘ አብሯት እመጣለሁ ብሏል፣ እናቴ ከወዲሁ አልጋውን የት እንደምታነጥፍ እያሰበች ነው።