ቁጥሩ ልክ ነበር

ለንደን ውስጥ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት የቡድን መሪ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። የዕለቱ ጉዟችን ስቶንሄንጅ የሚባሉትን ጥንታዊ ትልልቅ የቆሙ ድንጋዮችና ባዝ ከተማን አይቶ ማታ መመለስ ነበር። ተሳፋሪዎቼ 47 ናቸው፤ ከየአገሩ የመጡ። አንዷ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ነበሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጃቸው ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ አስረከበችኝና «አደራህን» አለችኝ።

እማማ ይህን ጉዞ የመረጡት ለባዝ ሲሉ ነው። ጃንሆይ በስደት ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። በፕሮግራማችን ባይኖርም፣ በነፃው ሰዓት በታክሲ ላደርሳቸው ቃል ገብቻለሁ።

ስቶንሄንጅ ስንደርስ ይዘንብ ነበር። አውቶቡስ የሚቆመው ከድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ከዚያ በሌላ አነስተኛ አውቶቡስ ይኬዳል። ትልልቆቹ ድንጋዮች 25 ቶን ያህል እንደሚመዝኑ፣ ትንንሾቹ ከዌልስ ድረስ እንደመጡ ስነግራቸው እማማ «ያለ መኪና?» ብለው ፈዘው ቆሙ። አክሱምን አነሱ። ከዚያ ቦታ መነሳት አልፈለጉም።

የመሄጃችን ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ በዝናብ ልብስ ተሸፋፍኖ ገባ። ሾፌሩ መንገዱ ሳይጨናነቅ እንውጣ ይለኛል። ቆጠርኩ፤ 47። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 47። ሄድን።

ወደ ባዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዋርሚንስተር ከተማ ስንደርስ አንድ ወጣት ከኋላ ወንበር ተነስቶ መጣ። አውቶቡሱ ወደ ኦክስፎርድ ነው ወይ አለኝ። የሌላ ቡድን ሰው ነው። ማቆሚያው ላይ ነጫጭ አውቶቡሶች ተደርድረው ነበር፤ ተሳስቶ እኛ ጋ ገብቷል። ክው አልኩ። እሱ ትርፍ ከሆነ ከኛ ሰው አንድ ጎድሏል። ዞር ስል አራተኛው ወንበር ላይ የእማማ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስልካቸውም እዚያው ነው።

ስቶንሄንጅ ደወልኩ፤ አግኝተዋቸዋል። ሾፌሩ ቃል ሳይተነፍስ አዞረው። ለተሳፋሪዎቹ መንገድ ተዘጋ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ማይኩን አንስቼ ሰው ትቼ መጥቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። አንድም ሰው አላጉረመረመም።

እማማ ሠራተኞቹ ሻይ ሰጥተዋቸው ቁጭ ብለዋል። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ትመጣለህ ብዬ ነው ከቦታዬ ያልተነሳሁት» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባዝ ላይ የሮማውያኑን መታጠቢያ ለማየት እንኳ የተረፈን አንድ ሰዓት ነው። ጃንሆይ ቤት ሳንሄድ ቀረን። ማታ ለልጃቸው ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት ቆጥሬ አልነሳም። ዝርዝሩን ይዤ በወንበሮቹ መሃል እያለፍኩ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ ፊቱን አያለሁ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚቸኩል ሾፌር አለ፤ ይቸኩል።

በቀጣዩ እሑድ ሥራ አልነበረኝም። እናትና ልጅን ይዤ ከፓዲንግተን በባቡር ባዝ ሄድን። ጃንሆይ ያንን ቤት በ1958 እ.ኤ.አ. አረጋውያን እንዲገለገሉበት ለከተማው ሰጥተውታል። በሩ ላይ ስንደርስ እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና እጅ ነሱ።