ለትከሻ ግማሽ ኪሎ ቆመጥ ይበቃል

በሰሜን ሸዋ ሰው ቆሞ ሲያወራ እጁ የሚያርፍበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ዱላው ማጅራቱ ላይ ይጋደማል፣ ሁለቱ ክንዶች ከላዩ ይንጠለጠላሉ። ይህ አቋቋም ደረትን ይከፍታል፣ ትከሻንም ወደ ውጭ ያዞራል። የጎደለው እንቅስቃሴ ነው። በቡሄ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ፣ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚያዞር የማሳ ጠባቂ ግን ክንዳቸው ከራስ በላይ ሙሉ ክብ ይሄዳል። ልጅነት ሲያልፍ ያ ክብ ይጠፋል። አጨዳው፣ አረሙ፣ የባጃጁ መሪ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ክንድን ከደረት በታች፣ ከፊት ለፊት ያስቀሩታል። በጀርባ የታዘለ ጀሪካን በገመዱ ትከሻን ወደ ፊት ይጎትታል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ውርጩ ሲመጣ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ ይከርማል። ቆመጥ ማወዛወዝ ያንን የጠፋ ክብ የሚመልስ ስፖርት ነው።

መነሻው ሌላ አገር ነው። ኢራን ውስጥ ዙርኻኔ በሚባሉት የባህል ስፖርት ቤቶች «ሚል» የተባለ ከባድ የእንጨት ቆመጥ በጥንድ ይሽከረከራል፤ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በሕንድም የትግል ስፖርተኞች ከጥንት ጀምሮ ይሠሩበታል። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሕንድ ወስደው ወታደር ማሠልጠኛ አደረጉት፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ቆመጡ እየቀለለ ሄደ። በ1904ቱ የሴንት ሉዊስና በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ነበረው። እኛ የምናወራው ስለዚህ ቀላል ዓይነት ነው።

ቀላል የሆነበትን ምክንያት ያልተረዳ ሰው ከባዱን መርጦ ይጎዳል። የክንድ አጥንት ራስ ድቡልቡል ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም። በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሎሚ አስቡ። በማንኛውም ቅጽበት ከድቡልቡሉ ጎድጓዳውን የሚነካው ከሲሶ አይበልጥም። ሎሚው እንዳይንከባለል የሚይዙት በዙሪያው ያሉ አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ ከ180 ዲግሪው 120 ያህሉ ከመጋጠሚያው ይመጣል፤ የቀረው 60 የሚገኘው ጀርባ ላይ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት በጎድን ላይ ሲንሸራተት ነው። ቀላል ቆመጥ አራቱን ጡንቻዎችና ይህን መንሸራተት ያሠራል። ከባድ ሲሆን ግን ትላልቆቹ የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ሥራውን ይነጥቃሉ፣ የትንንሾቹም ድርሻ ያንሳል።

ፍጥነትም ክብደት ነው። ግማሽ ኪሎ ቆመጥ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ክብ በ2 ሰከንድ ሲዞር፣ ከታች በሚያልፍበት ቅጽበት ትከሻን የሚጎትተው 1 ኪሎ እንደሚያህል ነገር ነው። ያው ቆመጥ በ1 ሰከንድ ከዞረ መጎተቱ ከ2 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ለጀማሪ ትክክለኛው ፍጥነት ክንድ ዝም ብሎ ቢወዛወዝ የሚሄድበት፣ በክብ 2 ሰከንድ ገደማ ነው።

ቆመጡን መሥራት ከባድ አይደለም። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ እጀታ፣ ውፍረቱም 2.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከእጀታው ጀምሮ እየሰፋ ሄዶ ጫፉ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በእጀታው መጨረሻ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ይተውለት፤ ቆመጡ ከእጅ እንዳያመልጥ የሚይዘው እሱ ነው። በዚህ ልክ ከደረቀ ባሕር ዛፍ የተሠራ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጽድ ከሆነ ወደ 350 ግራም ይወርዳል፣ ወይራ ከሆነ ከ600 ግራም ያልፋል። ለጀማሪና ለአዛውንት ጽዱ ይሻላል፤ ለዚህ ብሎ ግን የወፍ ዋሻን ዓይነት ደን መንካት አይገባም፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጽድ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከግንዱ መሐል ካለው ልብ ስለሆነ፣ ሙሉ ድቡልቡል ቀጭን እንጨት አትውሰዱ፤ ወፍራም ግንድ አስፈልጣችሁ ልቡ የሌለበትን ፍላጭ ውሰዱ። እርጥበት በጫፍና በጫፉ ቶሎ ስለሚወጣ ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ቀለም ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር አቆዩት። ቶርኖ ያለው አናጺ ካለ ጥንዱን እኩል ያወጣዋል፤ ከሌለም በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ይቀባል። ቅቤ አይሆንም፣ አይደርቅም፣ ይሸታልም።

እስከዚያው ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል። ውፍረቱ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 42 የሆነ ዱላ በአፉ አስገብታችሁ እስከ ታች አድርሱት፤ ከጠርሙሱ ሥር በኩል ከሮንዴላ ጋር በብሎን አጥብቁት። የቀረውን ክፍተት በስንዴ እስከ አፉ ሙሉት፣ አፉንም በፕላስተር ጠቅልሉት። በጠቅላላው ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። ውኃ ወይም ግማሽ ድረስ የተሞላ አሸዋ አይመረጥም፤ ውስጡ እየተገማሸረ ክቡን ያበላሻል። ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ መዳፍ ስለሚያልብ እጀታው ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልሉ።

ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ክንዱንና ቆመጡን ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ጣሪያውም አምፖሉም አይተርፍም። ደልዳላ ግቢ ወይም ሥራ የሌለበት አውድማ ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ሕፃናት ደግሞ ከኋላ እንደሚመጡ አስቡ።

አያያዙ የዝንብ ጭራ እንደመያዝ ነው፤ አይጨበጥም፣ አይለቀቅም። ድቡልቡሉ ከትንሿ ጣት ሥር ያርፋል። አጥብቆ የሚጨብጥ ሰው ከሳምንት በኋላ ክርኑን ያመዋል፤ የጣት ጡንቻዎች የሚነሡት ከዚያ ነውና። እግር በትከሻ ልክ ይከፈት፣ ጉልበት ይላላ፣ ጎድን ወደ ፊት አይውጣ።

በማወዛወዝ ጀምሩ። ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቆመጡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 10 ጊዜ፣ ከፍታው ቀስ በቀስ ከጭን ወደ ደረት። ቀጥሎ የፊት ትልቅ ክብ ነው፤ ከፊታችሁ ባለ ግድግዳ ላይ ክብ እንደምትስሉ ቀኝ እጅ በሰውነት ፊት በግራ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ በቀኝ ይወርዳል፣ በጭን ፊት አልፎ ይመለሳል። ክንድና ቆመጥ አንድ መስመር ይሁኑ። የእጅ አንጓው ከታጠፈ ቆመጡ ይዘገይና ጉልበት ይመታል። 10 ጊዜ ወደ ውጭ፣ 10 ጊዜ ወደ ውስጥ።

ትልቁ ጥቅም ያለው ከኋላው ትንሽ ክብ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚሁ ነው። ጡጫችሁ ከጆሮ አጠገብ ሲደርስ ክርኑ ወደ ላይና ወደ ፊት ያመልክት። ከዚያ የቆመጡን ጫፍ ልቀቁት፤ በቀኝ ትከሻ በኩል ወርዶ ከጀርባ ያልፋል፣ በግራ ወጥቶ ይመለሳል። እጅ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ የሚዞረው ቆመጡ ነው። መጀመሪያ በባዶ እጅ፣ ቀጥሎ ጫፉ ላይ ፎጣ ጠቅልላችሁ ሞክሩት። ቆመጡ ጭንቅላት ከመታ ጥፋቱ የክርን ነው፤ ወደ ጎን ወድቋል። አንገታችሁን ወደ ፊት እየሸሻችሁ ካተረፋችሁት ደግሞ ጥፋቱ ቀርቷል ማለት አይደለም፣ ወደ አንገት ዞሯል። ወገብ ወደ ኋላ የሚለመጥ ከሆነ የላይኛው ጀርባ ደርቋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት፣ ወገብ ማጭበርበሪያ ያጣል። ትከሻው ወደ ጆሮ የሚወጣ ሰው ቆመጡ ከብዶታል።

ሁለቱ ክቦች ጥርት ሲሉ ይያያዛሉ፤ አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በአንድ ቆመጥ ብቻ፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃል። ጥንዱ ሲያዝ ግራ እጅ ይደናበራል፤ እጆቹ እስኪግባቡ ብዛቱን በግማሽ ቀንሱ። 50 ክብ ሳያቋርጡ፣ ምንም ሳይነኩ መዞር ከመጣ በኋላ ክብደት በ250 ግራም ይጨመራል። ትከሻን ለማፍታታት ከ1 ኪሎ በላይ አያስፈልግም። የ4ና የ5 ኪሎ ቆመጥ የወገብና የጭብጥ ጉልበት ሥራ ነው፣ አነሳሱም ሌላ ነው። ብርድ ባለበት ጠዋት መጀመሪያ ፈጠን ባለ እርምጃ 5 ደቂቃ ተራመዱ፣ ጋቢውን የምታወልቁት ከዚያ ነው።

ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ሰው፣ ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ክንዱን ከፍ ማድረግ ያቃተው ወይም እስከ ጣቱ የሚደነዝዘው ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው። በማግስቱ የሚሰማ የጡንቻ ዝለት ጤናማ ነው፤ በመካከል የሚወጋ ሕመም ግን ወዲያው ማቆሚያ ነው።

ቆመጡን ከምድጃና ከፀሐይ አርቁ። ሁልጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት እጀታውን ጎተት አድርጋችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ አንገቱ ላይ ስንጥቅ ያለው ለማገዶ ይሁን። የጠርሙሱ ከሆነ ብሎኑን በየሳምንቱ አጥብቁ፣ ዱላው ሲደርቅ ይላላልና።