ሐዋሳ ላይ የሰው ፊት መቅዳት

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። ከዚያ ወዲያ ግን ሻሸመኔን እስክናልፍ ባጃጁም በሬውም አህያውም መንገዱን ይጋራል፣ ሹፌራችንም ክላክሱን አላሳረፈም። ሐዋሳ ስገባ ወደ ሐይቁ እንኳ ሳልወርድ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሠዓሊ ነው፣ የዘይት ቀለም ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

የጋሼ ትምህርት የሚጀምረው በቅጂ ነው። የመረጠልኝ የስፔኑ ሠዓሊ ቬላዝኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የሳለውን የሁዋን ደ ፓሬሃን ፊት ነው። ዋናው ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ፤ እኛ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ጥሩ ህትመት ነው። ፓሬሃ የቬላዝኬዝ ባርያ ነበር፣ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ የሚመዘዝ። እዚያው ሮም፣ በዚያው ዓመት የነፃነት ወረቀቱ ተፈረመለት። ኋላ ራሱ ሠዓሊ ሆነ፣ በ1661 የሳለው የማቴዎስ መጠራት ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ይገኛል። እዚህ ሥዕል ላይ ግን ገና ባርያ ነው፣ አስተያየቱን ላየው ሰው ጌታ ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ህትመቱም ሸራውም ላይ እኩል ቁጥር ያላቸው አራት ማዕዘኖች ታሰምራለህ። ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥነህ ሸራውን በጨርቅ ታሸዋለህ። ጥላው ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ብርሃኑ ብቻ ይወፍራል። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ ስላደግኩ እጄ ፊትን በመስመር መክበብ ይወዳል፣ ፓሬሃ ጉንጭ ላይ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ጥላው ብርሃኑ ውስጥ ይሟሟል፣ አለቀ።

ጥቁሩን ቱቦ ለቆዳው ላነሳ ስል ጋሼ ቀማኝ። «የሰው ፊት ከሰል ነው እንዴ?» ቢጫ አፈር ቀለም፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ በቃ። ግንባሩ ላይ ያለችው ብርሃን ወፈር ያለ ቀለም ነች፣ ደጋግመህ ከነካካሃት ትሞታለች። ነጩ አንገትጌ ደግሞ ጉድ ነው! ቀርበህ ስታየው የተጫጫረ ነገር፣ ሦስት እርምጃ ስትርቅ ዳንቴል።

ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ ትጠብቃለህ። የላይኛው ድርብ ከታችኛው የበለጠ የተልባ ዘይት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጠቅልለህ ከጣልከው ደግሞ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጋሼ ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ አንድ በአንድ ያሰጣዋል፣ ጎረቤት ልብስ እየመሰለው ይስቃል።

እስኪደርቅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እየወረድኩ ዓሳ በላሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሳ አንጀት ሲሻሙ ሰው ሁሉ ወደነሱ ያያል፣ እኔ ዓሳ የሚበልቱትን ልጆች ፊት ነበር የማየው። ከሐይቁ የሚመጣው ብርሃን ጉንጫቸው ስር ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ይጥላል። ማታ ለጋሼ ስነግረው «አሁን ማየት ጀመርክ» አለና ቡናውን ቀጠለ።

መመለሻዬ ላይ ሸራው ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ነበር፣ ፊቱን ገልጬ እንደታቀፍኩት አባዱላ ውስጥ ገባሁ።

«ወንድሜ፣ ማናቸው? አያትህ ናቸው?» አለ ረዳቱ።

«የስፔን ሠዓሊ ነው።»

«ባክህ! ይሄማ የኛ ሰው ነው።»

ቢሆንም የዕቃ ሒሳብ አስከፈለኝ።