ትዝታን በማንዶሊን ደብል ስቶፕ ለመጫወት ሰርድ አትቁጠሩ

ማንዶሊንን ያስወደደኝ ማንዶሊን ተጫዋቹ አየለ ማሞ ነው፣ የጀመርኩትም እዚሁ ደሴ ትዝታና ባቲ ልጫወት ብዬ ነው። ደብል ስቶፕ ማለት ሁለት ኖታ አንድ ላይ መምታት ነው በቃ። ማንዶሊን 8 ክር አለው፣ ጥንድ ጥንድ ስለሆነ ግን እንደ 4 ነው የሚቆጠረው፣ ከወፍራሙ ጀምሮ ሶል ሬ ላ ሚ ተብሎ ልክ እንደ ቫዮሊን ይቃኛል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥንዶች ትይዙና ፒኩን (ክር መምቻዋን) ላላ አድርጋችሁ አራቱንም ክር በአንድ ምት ትመታላችሁ። ጣት ያማል፣ ይለመዳል።

ያቃጠለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያስተማረኝ ሰው፣ ኪቦርድ ላይ እጁ ጥሩ ነው አልክድም፣ ዜማው ላይ ሰርድ (ከያዝከው ኖታ በዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ተራ ስትቆጥር ሦስተኛውን) ጨምርበት አለኝ፣ ያየሁት የብሉግራስ (የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) ቪዲዮም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ እኔም ዶን ከሚ፣ ሬን ከፋ፣ ሶልን ከሲ እያልኩ ስለፋ ከረምኩ። ክሩ ተቃኝቷል፣ ጣቴም ቦታው ላይ ነው፣ የሚወጣው ግን ትዝታ አይደለም! ስነግረው "ጆሮህ ገና ነው" ይለኛል። አምባሰልም ባቲም ያሉት እዚሁ ወሎ ነው እኮ፣ እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል? እስከዛሬ ያናድደኛል።

ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋና ሲ የሉበትም። ሰርድ እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ የሌለ ኖታ አስገብታችሁ ቅኝቱን ታፈርሱታላችሁ። ከራሱ ከቅኝቱ አንድ ኖታ ዝለሉና ቀጣዩን ያዙ፦ ዶ ከሚ፣ ሬ ከሶል፣ ሚ ከላ፣ ሶል ከላይኛው ዶ፣ ላ ከላይኛው ሬ። የመጀመሪያው ብቻ ሰርድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ፎርዝ (በዚያው ተራ አራተኛው) ነው፣ ፎርዝ ደግሞ ለማንዶሊን እጅ ይመቻል፣ ቀጭኑ ጥንድ ላይ ያለው ጣት ከወፍራሙ ሁለት ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ወደኋላ፣ ወደ መቃኛው በኩል ይሆናል። ላ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሬ፣ ሚ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ሶል ያዙ፣ ቅርጹን ሳትለቁ ወደ 7 እና 5 ስትገፉት ሚ ከላ ይሆናል።

አምባሰል ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ከዶ ስትጀምሩ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ሬ) ከሶል ጋር ሲገጥም ይሻክራል፣ እዛች ጋ ሬ ፍላቷን ብቻዋን ምቷት። ፈጣን ዜማ ላይም ነጠላ ኖታ ይሻላል፣ ደብሉን ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ አስገቡት።